ደሙ ከቆመ በኋላ የሳንባ የደም ፍሰት እንዴት ይጠናል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የጠያቂዋ እህት ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ነበራት፤ ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መተንፈስ ያቅተው ጀመር፣ በመተንፈሻ ማሽን እየተረዳ 12 ቀን ቆይቶም አረፈ። ሐኪሞቹ በልብ አልትራሳውንድ አይተው “የሳንባው የደም ስሮች ግፊት አልወርድ አለ” ብለዋል፤ ካረፈ በኋላም ሳንባውን ለማጥናት የአስከሬን ምርመራ እንዲደረግ ፈቃድ ጠይቀዋል። ጠያቂዋ እንዲህ ይላሉ፦ “ልቡ ቆሟል፣ ደሙም ቆሟል። ከቆመ ደም ስለ ደም ፍሰት ምን ሊታወቅ ይችላል? ለእህቴስ ምን ይጠቅማታል?”

አስቀድሜ ለእርስዎም ለእህትዎም መጽናናትን እመኛለሁ። የጠየቁት ነገር ብዙ ሐኪሞች አድበስብሰው የሚያልፉት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በአስከሬን ምርመራ የደም ፍሰትን ያየ ፓቶሎጂስት፣ ማለትም እንደ እኔ አስከሬንና የአካል ናሙና የሚመረምር ሐኪም፣ የለም። ፍሰት የሕያው ሰውነት ሥራ ነውና ልብ ሲቆም እሱም ይቆማል። እኛ የምናየው ደሙ ያለፈባቸውን ስሮች አሠራር፣ ግፊቱ በግድግዳቸው ላይ ያመጣውን ለውጥና ደሙን ወደ ሳንባ ሲገፋ የቆየውን የቀኝ ልብ ውፍረት ነው። ጎርፍ ካለፈ በኋላ የወንዙን ዳርቻ ተመልክቶ ውሃው የት ድረስ ሞልቶ እንደነበር የሚናገር ሰው ከእኛ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የወንዝ ዳርቻ ባለበት ሲቆይ የደም ስር ግን ባዶ ሲሆን መኮማተሩ ነው። ይህ ልዩነት ስንት ስህተት እንደሚያስከትል ከታች አሳያለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከማኅፀን ነው። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጁ ስለሆነ ሳንባው ገና ሥራ የለውም፤ የአየር ከረጢቶቹ በፈሳሽ የተሞሉ፣ የደም ስሮቹም የተኮማተሩ ናቸው። ልብ ከሚረጨው ደም ውስጥ ወደ ሳንባ የሚሄደው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ከቀኝ ልብ የሚወጣው አብዛኛው ደም የሳንባውን ደም ወሳጅ ከዋናው ደም ወሳጅ ጋር በሚያገናኘው አጭር ቧንቧ፣ ዳክተስ አርቴሪዮሰስ በሚባለው፣ ተሻግሮ ወደ ቀሪው ሰውነት ያልፋል። ሕፃኑ ተወልዶ መተንፈስ ሲጀምር አየሩ ከረጢቶቹን ይነፋል፣ ኦክስጅኑም የተኮማተሩትን ስሮች ያላላል፤ በዚህም ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ከ8 እስከ 10 እጥፍ ያህል ያድጋል። ዳክተሱም ጤናማ በሆነ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ውስጥ ይዘጋል። በሰው ልጅ ዕድሜ ሁሉ የደም ዝውውር እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚገለበጥበት ሌላ ሰዓት የለም።

ይህ ሽግግር ሳይሳካ ሲቀር ከቀኝ ልብ የሚወጣው ደም ገና ባልተዘጋው ዳክተስና በላይኛዎቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ቀዳዳ በኩል፣ ሳንባን ሳያገኝ ወደ ሰውነት ይሻገራል፤ የሕፃኑ ከንፈርና ጥፍርም ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። በልብ አልትራሳውንድ የሚታየው ይህ መሻገር ነው። አልትራሳውንዱ በቀላሉ ሊነግረን የማይችለው ግፊቱ ለምን እንዳልወረደ ነው። ስሮቹ በአግባቡ ተሠርተው ሳለ በመታፈን ወይም በኢንፌክሽን የተነሳ ተኮማትረው ሊሆን ይችላል። ቁጥራቸው ትክክል ሆኖ በግድግዳቸው ላይ ከማኅፀን ጀምሮ ትርፍ ጡንቻ በቅሎም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ሳንባው ራሱ ሳያድግ ቀርቶ፣ አለዚያም ስሮቹ ከመጀመሪያው በተሳሳተ መንገድ ተዘርግተው፣ ደሙ የሚያልፍበት በቂ መተላለፊያ አልነበረ ይሆናል። ሦስቱም በሕይወት ሳለ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ለሚቀጥለው እርግዝና ግን ትርጉማቸው በጣም የተለያየ ነው፤ የአስከሬን ምርመራው ዋና ጥቅምም እነዚህን መለየቱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ከሳንባው በፊት ልቡ መታየት አለበት። ከሳንባ ወደ ግራ ልብ ደም የሚመልሱት ደም መላሾች አለቦታቸው ገብተው ወይም ጠብበው ሲገኙ ደሙ ወደ ኋላ ስለሚከማች ሕመሙ ከላይ የገለጽኩትን ቁርጥ አድርጎ ይመስላል። ስለዚህ ልብና ሳንባ ሳይነጣጠሉ በአንድነት መውጣት አለባቸው። ልቡን ቆርጦ ለብቻው ያስቀመጠ መርማሪ እነዚያን ደም መላሾችም አብሮ ቆርጧቸዋልና ከዚያ በኋላ መንገዳቸውን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

አሁን ወደ ስሮቹ ግድግዳ ልግባ። በጤናማ አራስ ሳንባ ውስጥ ደም ወሳጆቹ ከትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ጎን እስከሚሄዱበት ድረስ ጡንቻ አላቸው፤ ከዚያ አልፈው በአየር ከረጢቶቹ መካከል ሲገቡ ግን ጡንቻው ይቀራል፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ነው ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፓቶሎጂስቷ ሊን ሪድና ባልደረቦቿ የሳንባቸው ግፊት ሳይወርድ የሞቱ አራሶችን ሳንባ ሲመረምሩ በአየር ከረጢቶቹ መካከል ባሉት ትንንሽ ስሮች ላይ ጡንቻ ተስፋፍቶ አገኙ። ከሕፃናቱ አንዳንዶቹ የኖሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ጡንቻ ደግሞ በሁለትና በሦስት ቀን አይበቅልም። ስለዚህ ለውጡ የጀመረው ከመወለዳቸው በፊት መሆን አለበት። በሕይወት ሳሉ የተደረጉት ምርመራዎች የግፊቱን መጠን ነገሩን፤ መቼ እንደጀመረ የነገረን ግድግዳው ነው።

የቀኝ ልብ ውፍረትም እንዲሁ ምስክር ነው፤ ነገር ግን በዕድሜ ላይ የተመሠረተ ምስክር ነው። ፉልተንና ባልደረቦቹ በ1952 ባስተዋወቁት ዘዴ የቀኙ ታችኛ ክፍል ግድግዳ ለብቻው ተቆርጦ ይመዘናል፤ የግራው ደግሞ ከመካከለኛው ግድግዳ ጋር ይመዘናል፤ ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። በአዋቂ ሰው ግራው ከቀኙ ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል። በአራስ ግን ቀኙ በማኅፀን ሲሠራ ስለቆየ በተፈጥሮው ወፍራም ነው፤ ቀጥኖ ወደ ልኩ የሚመለሰው በወራት ውስጥ ነው። እንግዲህ በ12 ቀኑ ባረፈ ሕፃን የቀኝ ልብ መወፈር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በሪፖርቱ ላይ “የቀኝ ልብ ወፍሯል” የሚል ቢያነቡ ለብቻው እንደ መልስ አይውሰዱት። ዕድሜያቸው ከፍ ባሉ ሕፃናት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በ1962 የፔሩ ተመራማሪዎች አሪያስ ስቴላና ሬካቫሬን ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ባሉ የአንዲስ ተራሮች ተወልደው ያደጉ ሕፃናትን ልብ መርምረው፣ በዝቅተኛ ቦታ ባደጉት ላይ የሚቀጥነው የቀኝ ልብ በእነዚህ ላይ እንደ ወፈረ መቆየቱን አሳዩ። በዓመቱ ሌሎች የዚያው አገር ተመራማሪዎች በሕይወት ባሉ የተራራ ሕፃናት ልብ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የሳንባቸው ግፊት ከፍ ያለ መሆኑን በቀጥታ ለክተው አወጡ። በሬሳ ላይ የተገመተው በሕያዋን ላይ ተለክቶ መረጋገጡ ነው ለዚህ ሙያ ዋጋ የሚሰጠው፤ እኔም ተማሪዎችን ሳስተምር መጀመሪያ የምጠቅሰው ይህን ነው።

ወደ መኮማተሩ ችግር ልመለስ። ሳንባ ከደረት ሲወጣ አየሩ ወጥቶለት ይጨማደዳል፤ በውስጡ ያሉት ስሮችም ደማቸው ወጥቶ ይኮማተራሉ። በዚህ ሁኔታ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጤናማውም ስር ወፍራም ይመስላል። በቁጥር ላሳይዎ። የውጭ ስፋቱ 100 ማይክሮን የሆነ ስር ይውሰዱ፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ግድግዳው በየጎኑ 5 ማይክሮን ቢወፍር ሁለቱ ጎን ተደምሮ የስፋቱ 10 በመቶ ይሆናል። ያው ስር ግድግዳው ሳይጨምርና ሳይቀንስ ተኮማትሮ ስፋቱ ወደ 60 ማይክሮን ቢወርድ፣ ያ የግድግዳ መጠን ጠባብ ክብ ላይ ስለሚከማች ውፍረቱ በየጎኑ ወደ 9 ማይክሮን ተኩል ግድም ይሆናል፤ ይህም ከስፋቱ 31 በመቶ ነው። አንድ ጡንቻ ሳይጨመርበት ከ10 ወደ 31 ሄደ ማለት ነው። በሕይወት ሳለ እንዲህ ቢኮማተር ደሙ ላይ የሚገጥመው ተቃውሞ ደግሞ ወደ 23 እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ምክንያቱም ውስጠኛው ቀዳዳ ከ90 ወደ 41 ማይክሮን ግድም ሲጠብ፣ ተቃውሞው የሚጨምረው ቀዳዳው የጠበበበት እጥፍ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ነው። የሕፃኑን ሕይወት የሚወስነውና ፓቶሎጂስቱን የሚያሳስተው አንድ ዓይነት ነገር መሆኑ የሚገርም ነው።

በሙያው ጀማሪ ሳለሁ እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። የአንድ የሦስት ወር ሕፃን ሳንባ ሳይነፋ በፎርማሊን (አካል እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ ተጥሎ ደረሰኝ፤ ስሮቹን አይቼ “ከባድ የሳንባ ደም ግፊት” ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ስላይዱን አየ፣ ወረቀቱን መለሰልኝና “ስሩን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን የአየር ቧንቧ እየው” አለኝ። ቧንቧው እንደ ታጠፈ ጨርቅ ተጨማዶ ነበር። እንዲህ በተጨማደደ ሳንባ ውስጥ ያለ ስር ስለ ግፊት ምንም ሊመሰክር አይችልም።

መፍትሔው ስሩን ከመቁረጥ በፊት ወደ ሙሉ ስፋቱ መመለስ ነው። ሊን ሪድ መጀመሪያ በለንደኑ ብሮምፕተን ሆስፒታል፣ ኋላም በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የሠራችበት ዘዴ እንዲህ ነው፦ የባሪየም ዱቄት ከጀላቲን ጋር ተደባልቆ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሞቅና በ100 ሴንቲሜትር የውሃ ግፊት በሳንባው ደም ወሳጅ ውስጥ ይገባል። ጀላቲኑ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ስሮቹም በተነፉበት ይቀራሉ። ከዚያ በአየር ቧንቧው በኩል ፎርማሊን እየተሞላ ሳንባው እንደተነፋ እንዲጠነክር ይደረጋል። ባሪየም ኤክስሬይ ስለማያሳልፍ በመጀመሪያ ሳንባው በሙሉ በኤክስሬይ ይነሳል፤ በጤናማ ሕፃን ቅርንጫፎቹ እስከ ሳንባው ዳር ድረስ ጥቅጥቅ ብለው ይታያሉ፣ በታመመው ደግሞ ትልልቆቹ ግንዶች ቀርተው ዳር ዳሩ የተራቆተ ዛፍ ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። የባሪየም ቅንጣቶቹ እጅግ ቀጫጭን በሆኑት ካፒላሪ ስሮች ውስጥ ስለማያልፉ ባሪየም ያለበት ስር ደም ወሳጅ፣ የሌለበት ደም መላሽ መሆኑ ይለያል፤ በትንንሽ ስሮች ላይ ደግሞ ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ለልምድ ባለቤትም ያስቸግራል።

ይህም ቢሆን ዋጋ አለው። 100 ሴንቲሜትር የውሃ ግፊት ማለት ወደ 74 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው፤ በጤናማ ሕፃን ሳንባ ውስጥ ያለው አማካይ ግፊት ግን ከ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። ስለዚህ የምናየው ስሩ በሕይወት ሳለ የነበረውን ስፋት ሳይሆን ሊሰፋ የሚችለውን መጠን ነው። ለንጽጽር ይጠቅማል፣ ሁሉም ሳንባ በአንድ ዓይነት ግፊት ስለሚነፋ፤ የሕፃኑን የመጨረሻ ሰዓት ስፋት ግን አይነግርም። ይህን የማይለይ የምርምር ጽሑፍ ሲገጥመኝ ቀሪውንም በጥርጣሬ ነው የማነበው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ትርፍ ጡንቻ ነው። የእህትዎን ሕፃን ዓይነት ታሪክ ስሰማ ግን፣ ማለትም ጊዜውን ጠብቆ ተወልዶ፣ ወዲያው ታሞ፣ በሕክምና ሳይሻለው የሄደ ሕፃን፣ ሁልጊዜ የሚታሰበኝ አልቪዮላር ካፒላሪ ዲስፕላዥያ የሚባል አንድ ሌላ ሕመም አለ። በዚህ ሕመም ካፒላሪ ስሮች ቁጥራቸው ትንሽ ይሆናል፣ ከአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ ጋርም ሳይገናኙ ወደ መካከል ርቀው ይቀራሉ። ደም መላሾቹም ከቦታቸው ይገኛሉ፤ በጤናማ ሳንባ ደም ወሳጅ ከአየር ቧንቧ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ደም መላሽ ግን ብቻውን በሳንባው ክፍልፋዮች መካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ ይሄዳል፤ በዚህ ሕመም ግን ደም መላሽ የሚመስለው ስር ከደም ወሳጁ ጎን በአንድ ሽፋን ውስጥ ተጠግቶ ይገኛል። በማይክሮስኮፕ አንድ የአየር ቧንቧ ተመልክተው ከጎኑ ሁለት ስር፣ አንድ ወፍራም አንድ ስስ፣ ካገኙና ይህ በየቧንቧው ከተደጋገመ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ሕፃናት በመጀመሪያው ወር ይሞታሉ፤ የሳንባ ስሮችን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ለጥቂት ሰዓት ሊያሻሽላቸው ይችላል፣ አያድናቸውም። በ2009 የዚህ ሕመም መነሻ በአብዛኛው በክሮሞሶም 16 ላይ ባለው ፎክስ ኤፍ 1 በሚባል ዘረመል ላይ የሚደርስ ጉዳት መሆኑ ታወቀ። ይህ ሊታወቅ የቻለው ሕመሙን በአስከሬንና በሳንባ ናሙና ምርመራ የለዩ ፓቶሎጂስቶች ለረጅም ዓመታት ስላጠራቀሙት ነው።

በዚህ ሕመም ላይ የደም ፍሰት ጥያቄ ወደ አዲስ ደረጃ የደረሰው ከ2013 ወዲህ ነው። ፓቶሎጂስቱ ቻባ ጋላምቦስና ባልደረቦቹ፣ ከነሱም መካከል የሕፃናት ሳንባ ሐኪሙ ስቲቨን አብማን፣ ሳንባውን እጅግ ቀጭን እያደረጉ በተከታታይ ቆርጠው ምስሉን በኮምፒዩተር መልሰው በሦስት ገጽታ አቆሙት። ሥራው አድካሚ ነው። አንድ ቁራጭ 5 ማይክሮን ቢወፍር አንድ ሚሊሜትር ለመከተል 200 ቁራጭ ያስፈልጋል፤ በመካከል አንዱ ተቀዶ ከጠፋ አንድን ስር ይዘው ሲሄዱ ጭራውን ያጡታል። ያገኙት ነገር ግን አድካሚነቱን የሚክስ ነው፤ ያለቦታው የተገኘው ደም መላሽ የሚመስለው ስር ተራ ደም መላሽ ሳይሆን ደምን ካፒላሪውን ሳይነካ ከደም ወሳጅ በኩል ወደ ደም መላሽ በኩል የሚያሳልፍ ማለፊያ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ደሙ ሳንባ ውስጥ ገብቶም ከአየር ጋር ሳይገናኝ ይወጣል። ማሽኑ ሙሉ ኦክስጅን እየሰጠ ሕፃኑ ለምን ሰማያዊ ሆኖ እንደሚቀር ለብዙ ወላጆች ስገልጽ ይህን መንገድ በወረቀት ላይ ሥዬ ነው የማሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ ፓውል ሼረር ተቋም ያለውን እጅግ ኃይለኛ የኤክስሬይ ምንጭ ተጠቅመው፣ ሳንባውን ሳይቆርጡ በፓራፊን ውስጥ እንዳለ እነዚህን ስሮች በሦስት ገጽታ ለማየት ችለዋል።

ተመሳሳይ ማለፊያ ያለጊዜያቸው ተወልደው በማሽንና በኦክስጅን ብዙ ቆይተው በሞቱ ሕፃናት ሳንባም ላይ ተገኝቷል። ይህ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም መጀመሪያ የተገለጸው በ1967 በስታንፎርድ ሲሆን፣ ከሦስቱ ጸሐፊዎች አንዱ ፓቶሎጂስት ነበር። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማለፊያ አለ ማለት ደም በብዛት አልፎበታል ማለት አይደለም። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከሰውና ከዝንጀሮ በተወሰዱ ጤናማ ሳንባዎች ደም ወሳጅ ውስጥ ስፋታቸው 25 እና 50 ማይክሮን የሆኑ ቅንጣቶችን አስገብቶ በሌላው በኩል ሲወጡ አሳይቷል፤ ካፒላሪ ደግሞ ስፋቱ ከ10 ማይክሮን በታች ነው። ጤናማ ሳንባም ቢሆን እንዲህ ያሉ መንገዶች በተጠባባቂነት እንዳሉት እንረዳለን። ስለዚህ በታመመ ሳንባ ላይ የሚጠየቀው “ማለፊያ አለ ወይ?” የሚለው ሳይሆን “ምን ያህል ሰፍቷል፣ ምን ያህሉስ ተከፍቶ ነበር?” የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ በሕይወት ሳለ የተቀመጠ የልብ አልትራሳውንድና የኦክስጅን መዝገብ ከሌለ በማይክሮስኮፕ ብቻ መልስ መስጠት ድፍረት ነው።

የዚህ ዓይነት ምርምር ትልቁ ድክመት ሁሉም ሳንባ የሞተ ሕፃን ሳንባ መሆኑ ነው። ከዚያው ሕመም የዳኑት ሕፃናት ሳንባ ምን ይመስል እንደነበር አናውቅም፤ ምናልባት ያው ለውጥ ኖሮባቸው ድነው ይሆናል። ለንጽጽር የሚቀርቡት “ጤናማ” ሳንባዎችም ቢሆኑ የሞቱ ልጆች ሳንባዎች ናቸው፤ በአደጋ የሞተ ጨቅላ ደግሞ ጥቂት ነው። በተጨማሪ ዕድሜው በቀናት መመሳሰል አለበት፤ ከተወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የትንንሾቹ ስሮች ግድግዳ በፍጥነት ስለሚሳሳ የ2 ቀን ሕፃንን ከ3 ሳምንት ሕፃን ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም። የሕክምናው ተጽዕኖም አለ። 12 ቀን በማሽን ግፊትና በብዙ ኦክስጅን የቆየ ሳንባ ከሕመሙ የመጣውንና ከሕክምናው የመጣውን ጉዳት ቀላቅሎ ይይዛል፤ ሁለቱን መለየት አንዳንዴ ይቻላል፣ አንዳንዴ አይቻልም። ሳንባ በደም “ታጭቋል” የሚለው ቃል ደግሞ በሪፖርት ውስጥ ከሁሉ የምጠላው ነው፤ ከሞት በኋላ ደሙ በክብደቱ ወደ ተኛበት ጎን ስለሚወርድ በጀርባ በኩል ያለው የሳንባ ክፍል ጠቁሮና ከብዶ ይገኛል፤ ይህ የስበት ሥራ እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም። ክብደትም እንዲሁ ነው። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ሳንባ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ1.2 በመቶ በታች ከሆነ ሳንባው ሳያድግ እንደቀረ ይጠረጠራል፤ ነገር ግን ሳንባው ፈሳሽ ከያዘ ትንሽ የነበረው ከባድ ሆኖ ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ነው በሼፊልድ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ጆን ኤመሪ በ1960 ከባልደረባው ጋር ያቀረበውን ቆጠራ የምንጠቀመው፤ ከትንሽ የአየር ቧንቧ ተነስቶ እስከ ቅርቡ የሳንባ ግድግዳ ድረስ ቀጥ ባለ መስመር ስንት የአየር ከረጢት እንዳለ መቁጠር ማለት ነው፤ ፈሳሽ የከረጢቱን ቁጥር አይጨምርም።

ሰውነትን ሳይከፍቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ይቻላል ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ኢንፌክሽን ለመፈለግ መርፌው በጣም ጥሩ ነው። ለደም ስሮች አደረጃጀት ግን አልመክረውም፤ ናሙናው ትንሽ ስለሆነ የትኛው ስር ከየትኛው ቧንቧ ጎን እንደሄደ ለማየት ቦታ አይበቃም፣ ደም መላሾቹ ከቦታቸው ውጭ የሚገኙበት ያ ሕመም ደግሞ አልፎ አልፎ በሳንባው ላይ በቦታ በቦታ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ስለ ፈቃድ ያለዎትን ስጋት በጥያቄዎ አላነሱትም፤ ግን ሊኖር ይገባል። በእንግሊዝ ሊቨርፑል በሚገኘው አልደር ሄይ የሕፃናት ሆስፒታል ከ1988 እስከ 1995 ድረስ የሞቱ ሕፃናት ልብ፣ ሳንባና ሌሎች አካላት ወላጆች ሳያውቁ ተወስደው ተከማችተው መገኘታቸው በ2001 መጀመሪያ በወጣው መርማሪ ሪፖርት ተጋለጠ። ከዚያ የተነሳ በ2004 አዲስ ሕግ ወጣ፤ ያለ ፈቃድ አካል ማስቀረት ወንጀል ሆነ። የሚያሳዝነው በዚያ የተከማቸው አብዛኛው ነገር ለምርምርም ሳይውል መቅረቱ ነው። ሳንባን በትክክል መንፋትና በፎርማሊን ማጠንከር ቀናት ስለሚፈልግ ሳንባው ከቀብር በኋላ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ደግሞ ወላጅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ፈቃድ የጠየቀው ሐኪም ይህን ሳይናገር ከቀረ እህትዎ ጠይቀው ማስነገር መብታቸው ነው።

እህትዎ ፈቃድ ለመስጠት ካሰቡ አራት ነገር እንዲጠይቁ እመክራለሁ። ልብና ሳንባ ሳይነጣጠሉ ይመረመራሉ ወይ? ሳንባው ከመቆረጡ በፊት ይነፋል ወይ? የሕፃኑ የልብ አልትራሳውንድ ምስሎችና የኦክስጅን መዝገብ ለፓቶሎጂስቱ ይደርሳሉ ወይ? አካሉ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ወይስ የሚቆይ አለ፣ ከቆየ እስከ መቼ? አምስተኛ ጥያቄ ደግሞ ልጨምርና ይህኛው በሰዓታት የሚለካ ስለሆነ አይዘገይ። ፎርማሊን ዲኤንኤን ይሰባብራል። ሳንባው ፎርማሊን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ቁራጭ ወይም ከሕፃኑ ደም ጥቂት ጠብታ በጥልቅ ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ ይጠይቁ። በማይክሮስኮፕ ያ ያለቦታው የተገኘ ስር ከታየ የፎክስ ኤፍ 1 ምርመራ የሚደረገው ከዚያ ከቀዘቀዘው ናሙና ነው። ጉዳቱ በአብዛኛው በሕፃኑ ላይ አዲስ የተፈጠረ ስለሆነ በሚቀጥለው እርግዝና የመደገሙ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከአሥር ቤተሰብ በአንዱ ገደማ ግን በቤተሰብ የሚተላለፍ ሆኖ ስለሚገኝ፣ የሕፃኑ ዘረመል ታውቆ የወላጆቹም ከተመረመረ በኋላ ብቻ ነው እህትዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ በእርግጠኝነት ሊነገራቸው የሚችለው።